የአምባና የፈረስ መንግሥት፦ የማራታዎች አነሳስና ሐበሻው መሊክ ዐንበር

የዛሬው የታሪክ ቅንብራችን ወደ ሕንድ ይወስደናል። እናትና አባቶች፣ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ብታዳምጡን ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ከምናነሳቸው ሰዎች አንዱ ከዚሁ ከእኛው ምድር በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ የወጣ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ስለ ሕንድ ሙስሊሞች ሲወሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ታጅ መሐልን ያሠራው የሙጋሎች ሥርወ መንግሥት ነው። ያ መንግሥት ከካቡል እስከ ቤንጋል ተዘርግቶ፣ ነገሥታትን አስገብሮ፣ ከዓለም ባለጸጋ መንግሥታት አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። በደቡብ በኩል ግን አንድ ኃይል ገጠመውና ሊሰብረው ሳይችል ቀረ፤ ኋላም የሙጋሎቹን ንጉሥ ራሱን በዴልሂ ጠባቂ እስኪሆን ድረስ የበላይነቱን ያዘው። ይህ ኃይል ማራታ ይባላል። ማራታዎች በምዕራብ ሕንድ፣ ዛሬ ማሃራሽትራ በሚባለው ግዛት የሚኖሩ፣ ማራቲ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በብዛት የሒንዱ እምነት ተከታይ የሆኑ ገበሬዎችና ፈረሰኞች ናቸው።

ይህ ታሪክ በሕንድ ዛሬም ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወርዶ መንገድ ላይ የሚያጋጭ ነው። በመጋቢት 2025 በናግፑር ከተማ የሙጋሉ ንጉሥ የአውረንግዜብ መቃብር ይፍረስ በሚል ጥያቄ የተነሳ ሁከት ተፈጥሮ ሰው እስከ መሞት ደርሷል። ነገሩን የሚያራግቡት ወገኖች የማራታዎችን ታሪክ የሁለት ሃይማኖቶች ጦርነት አድርገው ያቀርቡታል፤ በአንድ ወገን ሙስሊም ንጉሥ፣ በሌላ ወገን የሒንዱ ጀግና። ከእኛም ወገን ይህንኑ ትረካ ገልብጦ የሚያወራ አይጠፋም። የዘመኑ መዛግብት የሚነግሩን ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ የተወሳሰበ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞችም እጅግ የሚቀርብ ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። ደካን የሚባለው የደቡብ ሕንድ ከፍተኛ ቦታ በምዕራብ በኩል ሳህያድሪ በተባለ የተራራ ሰንሰለት ይታጠራል። ከተራራው ሥር ኮንካን የተባለ ጠባብ የባሕር ጠረፍ አለ። ተራሮቹ ብዙዎቹ አናታቸው ለጥ ያለ፣ ጎናቸው ገደል የሆነ ነው፤ እኛ አምባ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። አምባው ላይ ውኃ ከተገኘ ጥቂት መቶ ሰው ሆኖ አንድ ሠራዊት ለወራት መመከት ይቻላል። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ እንደ ጉድ ስለሚወርድ ከባድ መድፍና ዝሆን የሚጎትት ሠራዊት ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ በአጭር ፈረስ የሚጓዝ፣ ስንቁን ኮርቻው ላይ ያሰረ የአገሬው ሰው ግን እንደልቡ ይወጣል ይወርዳል። የእኛን የአምባ ላይ ጦርነቶች ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ ምድር ከ1347 ጀምሮ የባህመኒ ሱልጣኔት፣ እሱ ሲከፋፈል ደግሞ አምስት ሱልጣኔቶች ነገሡ፤ ከእነሱም አህመድነገር፣ ቢጃፑርና ጎልኮንዳ የታወቁት ናቸው። ማራታዎች ወደ ታሪክ የገቡት እነዚህን ሱልጣኖች በማገልገል ነው። መሬት ይለካሉ፣ ግብር ይሰበስባሉ፣ የመንግሥት ሒሳብ ይጽፋሉ፣ በጦርነት ጊዜም ፈረሰኛ ይዘው ይዘምታሉ። ሱልጣኖቹም ያለ እነሱ አገሩን ማስተዳደር አይችሉም ነበር። ታላላቆቹ የማራታ ቤተሰቦች ስማቸውንና ርስታቸውን ያተረፉት ከሙስሊም ቤተ መንግሥታት ነው።

በእነዚያ ቤተ መንግሥታት ከኢራንና ከመካከለኛው እስያ የመጡ መኳንንት ነበሩ፤ ከአገሬው የሰለሙ ነበሩ፤ እንዲሁም ሐበሺ ወይም ሲዲ የሚባሉ ከእኛ አካባቢ በባሕር የተወሰዱ ወታደሮች ነበሩ። ሐበሺ ማለት ያው ሐበሻ ነው። አብዛኞቹ በባርነት ተሽጠው የሄዱ ሲሆኑ፣ በዚያ አገር ልማድ ወታደር የሆነ ባሪያ ጌታው ሲሞት ወይም ነፃ ሲያወጣው የጦር አዛዥ፣ አልፎም ተርፎ ሚኒስትር ለመሆን መንገድ ነበረው።

ዐንበር የተወለደው በ1548 ገደማ ሲሆን የልጅነት ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። በባርነት ተሽጦ ቀይ ባሕርን ከተሻገረ በኋላ ባግዳድ ደረሰና ሚር ቃሲም በሚባል ጌታ እጅ ገባ። ይህ ሰው የልጁን ብሩህነት አይቶ አስተማረው፤ ዐንበር የሚለውን ስምም አወጣለት። ቆይቶ ወደ ደካን ተወሰደና ለአህመድነገሩ ዋና ሚኒስትር ለጀንጊዝ ኻን ተሸጠ። ጀንጊዝ ኻን ራሱ ቀድሞ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር! ሌሎችም አንድ ሺህ ያህል ሐበሾች እንደነበሩት ይነገራል። ዐንበር የመንግሥት አስተዳደርና የጦር አመራርን ያጠናው በዚህ ሰው ቤት ነው። ጀንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ሲሞት ባለቤቱ ዐንበርን ነፃ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በቢጃፑር አገልግሎ መሊክ የሚለውን ማዕረግ አገኘና የራሱን ጥቂት ፈረሰኞች ይዞ ወደ አህመድነገር ተመለሰ።

በ1600 የሙጋሉ ንጉሥ የአክበር ሠራዊት የአህመድነገርን ምሽግ ያዘ። ሱልጣኑ ተማረከ፤ መንግሥቱም ያበቃለት መሰለ። መሊክ ዐንበር ግን ከሱልጣኑ ዘር አንዱን ወጣት ፈልጎ አነገሠ፤ ሴት ልጁንም ዳረለት፤ ራሱ ፔሽዋ ማለትም ዋና ሚኒስትር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ለሃያ ስድስት ዓመታት ከሙጋሎች ጋር ተዋጋ። ይህን ፔሽዋ የሚለውን ቃል ልብ በሉልን፤ ኋላ የማራታ መንግሥት እውነተኛ ገዢዎች መጠሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

መሊክ ዐንበር ከሙጋል ጋር ሜዳ ላይ ቢገጥም ሊያሸንፍ እንደማይችል ያውቃል፤ የሙጋል መድፍና ከባድ ፈረሰኛ አይቻልም። ስለዚህ አገሬው ባርጊ ጊሪ የሚለውን ስልት አስፋፋ። ቀላል ፈረሰኛ በየቡድኑ ተበትኖ የጠላትን የስንቅ መስመር ይቆርጣል፣ ሌሊት ሰፈሩን ይረብሻል፣ ጠላት ሲያሳድደው ወደ ተራራው ይስበውና ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ ይመታዋል። ለዚህ ሥራ ከማራታ ፈረሰኞች የተሻለ አልነበረም። በ1610 አካባቢ ሕንድን የጎበኘው እንግሊዛዊው ነጋዴ ዊሊያም ፊንች የዐንበርን ሠራዊት ወደ 10,000 የሚሆኑ የራሱ ወገኖችና ወደ 40,000 የሚሆኑ የደካን ሰዎች ብሎ ገምቶታል። ከእነዚያ የደካን ሰዎች ብዙዎቹ ማራታዎች ናቸው። ከአዛዦቹም መካከል ማሎጂና ልጁ ሻህጂ፣ የቦንስሌ ቤተሰብ ሰዎች፣ ይገኙበት ነበር። ሻህጂ የሚባለው ይህ ሰው የሺቫጂ አባት ነው። ማሎጂ ልጆቹን ሻህጂና ሸሪፍጂ ብሎ የሰየማቸው ሻህ ሸሪፍ በሚባሉ የአህመድነገር ሙስሊም ወልይ ስም ነው ተብሎ ይተረካል።

በ1624 ብሃትቫዲ በተባለ ቦታ የሙጋልና የቢጃፑር ሠራዊት ተባብረው መጡበት። ዐንበር በአካባቢው የነበረውን የግድብ ውኃ ለቀቀው። ሜዳው ረግረግ ሆነ፤ መድፉም ፈረሱም ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ስንቅም ተቆርጦ ስለነበር የጠላት ወታደር እየራበው ይከዳ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ሻህጂ በዚህ ውጊያ ስም አተረፈ፤ ወንድሙ ሸሪፍጂ ደግሞ ለመሊክ ዐንበር ሲዋጋ ወደቀ።

የሙጋሉ ንጉሥ ጀሃንጊር ዐንበርን ማሸነፍ ሲያቅተው በማስታወሻው ውስጥ በቀለሙ እየሰደበ ይጽፍበት ነበር። ከዚህም አልፎ የዐንበር የተቆረጠ ራስ እንጨት ላይ ተሰክቶ ንጉሡ በቀስት ሲወጋው የሚያሳይ ሥዕል አሥሎ ነበር፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። እውነቱ ግን ጀሃንጊር ያንን ራስ በዓይኑ አላየውም። መሊክ ዐንበር በ1626 በሰማንያ ዓመቱ አካባቢ በሥልጣኑ ላይ እንዳለ ሞተ፤ ኹልዳባድ በምትባል ከተማም ተቀበረ። የጀሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ ሙዕተመድ ኻን እንኳ ሲሞት አመራሩን አድንቆ ጽፎለታል።

ዐንበር ጦረኛ ብቻ አልነበረም። በ1610 ካድኪ የምትባል ከተማ መሠረተ፤ ከተራራው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በመሬት ውስጥ በተሠራ ቦይ ወደ ከተማዋ አስገባላት። መሬትን እንደ ለምነቱ እያስለካ ግብሩን ወሰነ፤ ገበሬው በጦርነቱ ዘመን እንኳ እርሻውን ጥሎ እንዳይሰደድ ማድረግ የቻለው በዚህ ነው። ይህች ካድኪ በልጁ ፈትሕ ኻን ዘመን ፈትሕነገር፣ በ1653 ደግሞ በአውረንግዜብ ስም አውረንጋባድ ተባለች፤ በ2023 የግዛቱ መንግሥት በሺቫጂ ልጅ ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂነገር ብሎ ሰየማት። ሁሉም ስሙን ሲለጥፍባት ውኃውን ያመጣው ሰው ስም ግን አልተለጠፈባትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባናል። አንዳንድ ጊዜ «ማራታዎችን የፈጠረው መሊክ ዐንበር ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ወገንተኝነት ያመጣው ማጋነን ነው። ማራታዎች ከእሱ በፊትም ፈረሰኞች ነበሩ፤ ተራራቸውንም ከማንም በላይ ያውቃሉ። የዐንበር ሥራ የተበታተነውን የየቤተሰቡን ፈረሰኛ በአንድ ዕዝ፣ በአንድ ዓላማ፣ ለረጅም ዓመታት ማሰለፉና ታላቁን የሙጋል ሠራዊት በዚህ መንገድ ማድከም እንደሚቻል በተግባር ማሳየቱ ነው። ማራታዎቹ ራሳቸው ይህን አልካዱም፤ በሺቫጂ ቤተ መንግሥት በሳንስክሪት የተጻፈው ሺቫብሃራት የተባለው ሥራ ዐንበርን በጀግንነቱ ያወድሰዋል።

ሺቫጂ በ1630 ሺቭኔሪ በተባለ አምባ ላይ ተወለደ። አባቱ ሻህጂ በቢጃፑር ሱልጣን አገልግሎት ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ እናቱ ጂጃባይ ልጇን በፑኔ አሳደገችው። በ1640ዎቹ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የቢጃፑርን አምባዎች አንድ በአንድ መያዝ ጀመረ። በ1659 ቢጃፑር አፍዘል ኻን የተባለውን ታላቅ አዛዥ ላከበት፤ ሁለቱ ፕራታፕጋድ ከተባለው አምባ ሥር ለድርድር ተገናኙና አፍዘል ኻን እዚያው ተገደለ። ዛሬ በየአደባባዩ የሚሣለው ይህ ትዕይንት ነው። የማይነገረው ግን ይህ ነው፤ የአፍዘል ኻን ተደራዳሪ ክሪሽናጂ ብሃስካር የተባለ ብራህሚን ነበር፤ ከሺቫጂ ጠባቂዎች አንዱ ደግሞ ሲዲ ኢብራሂም የተባለ ሙስሊም ሐበሻ ነበር። በ1665 ሺቫጂን አስጨንቆ 23 ምሽጎቹን እንዲያስረክብ ያስገደደው የአውረንግዜብ አዛዥም ጃይ ሲንግ የተባለ የሒንዱ መስፍን ነው። በየሰፈሩ የሁለቱም እምነት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

በ1666 ሺቫጂ ወደ አግራ ቤተ መንግሥት ተጠራ። አውረንግዜብ ከዝቅተኛ መኳንንት ጋር አቆመው፤ ሺቫጂ በአደባባይ ተቆጣ፤ በቁም እስርም ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ አመለጠ፤ በጣፋጭ ቅርጫት ተደብቆ ወጣ ይባላል። በእኛ ግምት ከአውረንግዜብ ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ብዙ ባላጋራዎችን በማዕረግና በክብር አገልጋዩ ያደረገ መንግሥት፣ ለዚህኛው ክብር ነፍጎ ጠላት አድርጎ ሸኘው።

ይሁንና ሺቫጂን ነቀፋ የሌለበት ማድረግም አይገባም። በ1664 እና በ1670 የሱራትን ወደብ ዘረፈ። ሱራት የሙጋሎች ዋና ወደብ ስትሆን የሕንድ ሑጃጆች ወደ ጂዳ የሚሳፈሩባት በር ነበረች። የነጋዴው ሀብት፣ ሙስሊም ይሁን ሒንዱ ሳይለይ፣ ተጫነ፤ ሀብቱን ያልሰጠም ተቀጣ። በሌላ በኩል ለእሱ ጥላቻውን የማይደብቀው የሙጋሎቹ ታሪክ ጸሐፊ ኻፊ ኻን፣ ሺቫጂ ወታደሮቹ መስጊድን፣ ቁርኣንንና የማንንም ሴት እንዳይነኩ አጥብቆ ያዝዝ እንደነበር፣ ቁርኣን እጁ ሲገባም በክብር ይዞ ለሙስሊም አገልጋዮቹ ይሰጥ እንደነበር መስክሮለታል። የጠላት ምስክርነት ስለሆነ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው። አውረንግዜብ በ1679 ጂዝያን መልሶ ሲጥል በሺቫጂ ስም በፋርስኛ የተጻፈ የተቃውሞ ደብዳቤ አለ፤ ደብዳቤው ቁርኣን አላህን የዓለማት ጌታ እንጂ የሙስሊሞች ብቻ ጌታ እንደማይለው ለንጉሡ ያስታውሳል።

ሺቫጂ ሰኔ 6 ቀን 1674 ራይጋድ በተባለው አምባ ላይ ቻትራፓቲ ተብሎ ነገሠ። መንግሥቱን ያቆመበት ዘዴ ከጦርነቱ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ስምንት ሚኒስትሮች ሾመ፤ ከመካከላቸው የመጀመሪያው ፔሽዋ ተባለ። ለአዛዦቹ የሚወረስ ርስት ከመስጠት ይልቅ ከግምጃ ቤት በጥሬ ገንዘብ ደመወዝ መክፈልን መረጠ፤ ምክንያቱም ርስት የያዘ አዛዥ ነገ የራሱ ንጉሥ እንደሚሆን በሱልጣኔቶቹ አይቷል። ከፈረሰኞቹ ባርጊር የሚባሉት ፈረሳቸውም መሣሪያቸውም የመንግሥት ነበር፤ ሲላዳር የሚባሉት በራሳቸው ፈረስ ይዘምታሉ። በየአምባው አንድ አዛዥ ብቻውን አይሾምም። አንዱ ጦሩን፣ አንዱ መዝገቡን፣ አንዱ ጎተራውን ይይዛል፤ ሦስቱም ከተለያየ ጎሳ ይመረጣሉ። ስለዚህ አንዱ በወርቅ ቢገዛ ሁለቱ ይቀራሉ። ሠራዊቱ ክረምቱን በቤቱ ያሳልፋል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ይዘምታል። በሰፈሩ ውስጥ ሴት ይዞ መገኘት በጥብቅ የተከለከለ ነበር። የመንግሥቱ ቋንቋ በፋርስኛ ቃላት የተሞላ ስለነበር በሳንስክሪት የሚተካ መዝገበ ቃላት አስጻፈ፤ ሆኖም ፔሽዋም፣ ሐዋልዳርም፣ ሌላውም የመሥሪያ ቤት ቃል እስከ መጨረሻው እንዳለ ቆየ።

ከራሱ ግዛት ውጭ ባሉ አገሮች ላይ ደግሞ ቻውት የሚባል ክፍያ ጣለ፤ ትርጉሙ አንድ አራተኛ ማለት ነው። አገሩ ከግብሩ ሩቡን ለማራታ ከከፈለ አይወረርም፤ ካልከፈለ ፈረሰኛው ይመጣበታል። በዚህ ላይ አሥረኛ እጅ ተጨማሪ ነበረ። ይህ ክፍያ ለማራታዎች የማይነጥፍ ገንዘብ ሆነላቸው። ለሚከፍለው ገበሬ ግን ሁለት ጌታ ማለት ነበር፤ አንዱ ግብር የሚወስድ፣ ሌላው ላለመዝረፍ የሚከፈለው።

ሺቫጂ ከባሕር የሚመጣውንም አልዘነጋም። በ1664 ሲንድሁዱርግ የተባለውን የባሕር ምሽግ ማሠራት ጀመረ፤ መርከቦችም ሠራ። ከባሕር ኃይሉ አዛዦች አንዱ ደውለት ኻን የተባለ ሙስሊም ነበር። ነገር ግን በባሕር ላይ አንድ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ፤ እሱም ጃንጂራ ነው። ጃንጂራ ከኮንካን ጠረፍ ራቅ ብላ ደሴት ላይ የተሠራች ምሽግ ስትሆን ባለቤቶቿ ሲዲዎች፣ የእኛው ሐበሾች ናቸው። በ1670ዎቹ መጀመሪያ የምሽጉ ገዢ ፈትሕ ኻን ለሺቫጂ ሊያስረክብ ሲደራደር ሌሎች ሲዲዎች አስረውት ሥልጣኑን ያዙና ከሙጋሎች ጋር ተባበሩ። ሺቫጂ በአቅራቢያዋ ሌላ የባሕር ምሽግ ሠራ፤ ልጁ ሳምባጂ በ1682 ከጠረፉ እስከ ደሴቲቱ ባሕሩን በድንጋይ ሊደለድል ሞከረ። አልሆነም። እንግዲህ ታሪክ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሐበሻ ማራታዎችን አሰልፎ ሙጋልን ሲያስጨንቅ፣ የሌሎቹ ሐበሾች ዘር ደግሞ ለሙጋል ወግኖ ማራታዎችን አስጨነቀ።

ሺቫጂ በ1680 ሞተ። አውረንግዜብ ነገሩን ለመጨረስ ራሱ ወደ ደካን ወረደ። ቢጃፑርን በ1686፣ ጎልኮንዳን በ1687 ያዘ፤ ሁለቱም የሙስሊም ሱልጣኔቶች እንደነበሩ አትርሱ። ሳምባጂን በ1689 ማርኮ በጭካኔ አስገደለው። ሁሉም ያለቀ መሰለ። ሆኖም ማራታዎች ንጉሥ ሲሞትባቸው ወንድሙን ራጃራምን ይዘው በስተደቡብ ጂንጂ ወደሚባል ሩቅ ምሽግ ሄዱ፤ ሙጋሎች ያንን ምሽግ ለመያዝ እስከ 1698 ድረስ ደከሙ፤ ራጃራምም አመለጠ። ራጃራም በ1700 ሲሞት የሃያ አምስት ዓመት ባልቴቱ ታራባይ በትንሹ ልጇ ስም መንግሥቱን ይዛ ጦሩን መራች። ኻፊ ኻን ይህቺንም ሴት በብልህነቷና በአመራሯ ያደንቃታል። አውረንግዜብ አንድ አምባ በወርቅ ወይም በከበባ ሲይዝ እሷ ከኋላው ሌላውን ታስመልሳለች። እንደ ተንቀሳቃሽ ከተማ የሆነው የንጉሡ ሰፈር ሃያ አምስት ዓመት ያህል ከቦታ ቦታ ሲዞር ግምጃ ቤቱ ተራቆተ። አውረንግዜብ በ1707 አህመድነገር ላይ ሞተ። የተቀበረው ኹልዳባድ ነው፤ መሊክ ዐንበር በተቀበረባት በዚያችው ከተማ።

ከዚህ በኋላ የማራታ መንግሥት መልኩን ለወጠ። ነገሥታቱ በስም ቀሩ፤ ሥልጣኑ በፑኔ በተቀመጡት ፔሽዋዎች እጅ ገባ። በ1719 ሙጋሎች ራሳቸው ከስድስት የደካን ግዛቶች ቻውት እንዲሰበሰብ በጽሑፍ ፈቀዱ። ከ1720 እስከ 1740 ፔሽዋ የነበረው ባጂ ራኦ በፈረሰኛ ፍጥነት ማንም አልቻለውም፤ በ1728 የሃይደራባዱን ኒዛም ፓልኬድ ላይ ውኃና ስንቅ ቆርጦ አስገበረው፤ በ1737 ዴልሂ በር ላይ ድንገት ታየ። አዛዦቹ ሆልካር፣ ሲንዲያ፣ ጋይክዋድና ቦንስሌ ግን በያዙት አገር ርስት ተከሉ፤ ሺቫጂ የፈራው ያው ነገር መጣ።

የናግፑሩ የቦንስሌ ፈረሰኞች ከ1740ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1751 ቤንጋልን እየወረሩ አወደሙ። የሸማኔው ቤት ተቃጠለ፤ ገበሬው ሒንዱም ሙስሊሙም ተሰደደ። ገዢው አሊቨርዲ ኻን በመጨረሻ ኦሪሳን ለቆ በየዓመቱ 12 መቶ ሺህ ሩፒ ለመክፈል ተስማማ። የቤንጋል እናቶች ልጅ ሲያስተኙ በሚያንጎራጉሩት ውስጥ እነዚያ ባርጊዎች እስከ ዛሬ ስማቸው አለ። ማራታዎችን የነፃነት ታጋይ ብቻ አድርጎ ለሚተርክ ሰው ይህ የቤንጋል እናቶች ትዝታ መልስ ይሆነዋል።

በ1758 የማራታ ፈረሰኛ እስከ ፔሻወር ደረሰ። ይህም የአፍጋኑን ንጉሥ አህመድ ሻህ ዱራኒን አስነሳ። ታላቁ ዓሊም ሻህ ወሊዩላህ አድ-ዲህለዊም ከዴልሂ ሆነው ወደ ሕንድ እንዲመጣ ጽፈውለት ነበር። ሆኖም ናዲር ሻህ በ1739 በዴልሂ ሙስሊሞች ላይ ያደረሰው እንዳይደገም አደራ ማለታቸውም ሊጠቀስ ይገባል፤ የዱራኒ ሠራዊት ራሱ በ1757 ዴልሂን ዘርፏልና። ጥር 14 ቀን 1761 ሁለቱ ኃይሎች ፓኒፓት ሜዳ ላይ ተገናኙ። የማራታዎቹ መሪ ሳዳሺቭራኦ የአያቶቹን ስልት ትቶ፣ ከባድ መድፍ ይዞ፣ ብዙ ሴቶችና የሐጅ መንገደኛ የሆኑ ሒንዱዎች ተከትለውት፣ ከአገሩ ርቆ ሜዳ ላይ መሸገ። ስንቁን ዱራኒ ቆረጠበት። መሊክ ዐንበርና ሺቫጂ በሌሎች ላይ ያደርጉት የነበረው ሁሉ በማራታዎች ላይ ተደረገ። ለወራት ከተራቡ በኋላ ወጥተው ሲዋጉ በአንድ ቀን አለቁ። መድፈኛውንና እስከ አሥር ሺህ የሚገመተውን ሥልጡን እግረኛ የመራላቸው ኢብራሂም ኻን ጋርዲ የተባለ ሙስሊም ነበር። እስከ መጨረሻው አልከዳቸውም፤ ቆስሎ ተማረከና ተገደለ።

ማራታዎች ከዚያም አገገሙ። ማሃድጂ ሲንዲያ በ1772 መጀመሪያ የሙጋሉን ንጉሥ ሻህ ዓለምን ወደ ዴልሂ ዙፋኑ መለሰው፤ ዴ ቧኝ በተባለ የአውሮፓ መኮንን የሠለጠነ እግረኛም አቆመ። ነገር ግን ሆልካርና ሲንዲያ እርስ በርስ ሲዋጉ በ1802 ፔሽዋው ባጂ ራኦ ዳግማዊ ወደ እንግሊዞች ሸሽቶ ውል ፈረመ። በ1803 ኋላ ዌሊንግተን የተባለው ዌልዝሊ አሳዬ ላይ አሸነፋቸው፤ በ1818 ፔሽዋነት ራሱ ተሰረዘ። የፑኔ መንግሥት በዚህ አበቃ።

በሐምሌ 2025 ዩኔስኮ 12 የማራታ ምሽጎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ራይጋድ፣ ፕራታፕጋድ፣ ሲንድሁዱርግና ጂንጂ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጃንጂራ በዝርዝሩ የለችም፤ ማራታዎች አንድም ቀን አልያዟትምና። የሲዲዎቹ ገዢዎች ነዋብ እየተባሉ፣ ፔሽዋዎቹ ካለፉ በኋላም፣ እንግሊዞች ከወጡ በኋላም ለጥቂት ወራት ቆይተው በ1948 ግዛታቸውን ለነፃዪቱ ሕንድ አስረከቡ።

የዛሬው ቅንብራችን እዚህ ላይ አበቃ።